የቅሬው ቁልፍና የቅዳሜው አዳራሽ

ቅዳሜ፣ ህዳር 4። ማታ፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ።

ዛሬም እዚሁ ከሚሴ፣ አስፋልቱ ዳር ያለው የዘፈን አዳራሽ ሄጄ ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፍብህ፣ ደብተሬ፤ ካወለቅኩት ያደግኩባት ደሴ ከእግሬ ላይ የምትወርድብኝ ይመስለኛል።

የባንዱ ልጆች አርፍደው መጡ። ሚኒባሳቸው መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ነው አሉ። ድምፅ ማጉያው መጀመሪያ ጮኸ፣ ጆሮ በሳ፣ ኋላ ተስተካከለ። የዛሬው ምሽት መታሰቢያነቱ ድሮ ለሞተ ዘፋኝ ነው። ሰፊ ኮሌታ ያለው ኮት የለበሰው ልጅ ወጣና እንደ ሟቹ አንገቱን ሰበር አድርጎ ጀመረ። ሲጀምር ያስቃል። እየቆየ ግን ልጁ ይጠፋል፣ ኮቱም ይጠፋል፣ ዘፈኑ ብቻ ይቀራል።

እንደ ልማዴ በሩ አጠገብ። አንድ ሻይ። አዳራሹ የሾፌሮች፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ ልጆች ነው። ሴት ቢባል እኔና አስተናጋጇ። ማንም አያናግረኝም። እንዲያናግረኝም አልፈልግም። (ይሄ ውሸት ነው። ይሁን።)

ሳክስፎን የላቸውም፣ በኪቦርድ ነው የሚያስመስሉት። ዓይኔን ስጨፍን ግን እውነተኛው ይመጣል። የደሴ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ፣ መስኮቱ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ቆሜ፣ አፍንጫዬ በብርድ ቀልቶ።

እሁድ፣ ህዳር 5

በሬ ተንኳኳ። ደስ አለኝ። ለሠርግ የቅሬውን ትልቁን ድስት ፈልገው ነው። ከፈትኩ፣ ሰጠሁ፣ ቆለፍኩ። ቁልፉን መልሼ ደረቴ ውስጥ።

የቅሬው፣ የሰፈራችን ዕድር፣ ዕቃ ቤት በእኔና በጎረቤቴ በዘምዘም ግቢ መካከል ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ናት። የሰፈር ሰው ሲሞት የሚወጣው ሁሉ እዚያ ነው ያለው፤ ድንኳኑ፣ ሰሌኑ፣ ድስቱ፣ የጀናዛው ቃሬዛ። ቁልፉ ወደ እኔ የመጣው ባሌ ሰይድ ከሞተ በኋላ ነው። ልጅ የላትም፣ ሱቋንም ዘግታለች፣ መቼም ከቤቷ አትጠፋም ብለው ሰጡኝ። እውነታቸውን ነው። ምን እንደሰጡኝ ግን አያውቁም። ቁልፉ ባይኖር በሬን የሚመታው ነፋስ ብቻ ነበር።

ዘምዘም አንገቷን ባጥር አስግጋ፣ “አንቺ ፋጤ፣ ትናንት ሽቶሽ አጥር ዘሎ ኡመርን አስነጠሰው!” አለችኝ። ሳቅን። ኡመር ባሏ ነው፤ ደረቱን ካመመው ከርሟል። የት እንደሄድኩ አልጠየቀችም። ታውቃለች። ከሚሴ ውስጥ የማይታወቅ ነገር የለም፣ የማይነገር ነው ያለው።

ዓርብ፣ ህዳር 10

ሙቀት። ነፋሱ ከጨፋ ሜዳ የማሽላ ገለባ ይዞ ይመጣል፤ አጨዳ ላይ ናቸው። ደጃፌ ተቀምጬ ሳነብ ዋልኩ። ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም፤ ሰይድ ስኳር የሚጠቀልልበት ጋዜጣ ነው ያስተማረኝ። ደንበኛ ሳይመጣ አንድ ቃል፣ ደንበኛ ሲሄድ ሌላ ቃል። ሰይድ ያየኛል፣ ይስቃል፣ የተቀደደውን ገጽ ለእኔ ያስቀምጥልኛል።

ዛሬ ግን ገጹ ላይ ዓይኔ ቆሞ ልቤ ደሴ ነበር። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ፣ ፒያሳ መብራቱ ገና በቀን ሲበራ። የዘፈን ሸክላ መሸጫው ደጃፍ ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ፣ እኛ ልጆች ሥሩ እንደ ጫጩት ተኮልኩለን። ባለቤቱ ሲያባርረን መንገድ እንሻገራለን። ዘፈኑም አብሮን ይሻገራል።

አንተ ላይ እስካሁን ያልጻፍኩት አለ። እናቴ ታማ ነበር። አክስቴን ከሰኞ ገበያ ሮጠሽ ጥሪልኝ አለችኝ። ሮጥኩ። ማዘጋጃ ቤት ጋ ባንዱ ይለማመዳል። አንድ ዘፈን ብቻ ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ሌላ ጀመሩ። ከአክስቴ ጋር ቤት ስንደርስ እናቴ አፏ ተይዟል። ዓይኗ ብቻ ከአክስቴ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አክስቴ። ልትነግራት የፈለገችው ነገር ነበር፤ ሳትነግራት ሞተች። ምን እንደሆነ ማንም አላወቀ። አክስቴ ለምን ዘገየሽ ብላ አልጠየቀችኝም፤ ልጅ ነችና እግሯ አጭር ነው ብላ ይሆናል።

ሰው ይሄን ተሸክሞ ዘፈን ይጠላ ነበር። እኔ አልጠላሁም። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

እሁድ፣ ህዳር 19

ኡመር ሞተ። ኢና ሊላሂ።

በተራ ልጻፈው።

ትናንት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አንዲት ልጅ የድሮዋን ዘፋኝ ሆና ወጣች፣ ነጠላዋን በትከሻዋ ጥላ። ሳላስበው አብሬ አዜምኩ። ድምፅ አውጥቼ። ጎኔ ያለው ሾፌር ዞሮ፣ “እማማ፣ እርስዎ ይውጡና እሷ ትቀመጥ!” አለ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። በስንት ዘመኔ ሰዎች መሀል ሳቅኩ። ከሌላው ቀን አብልጬ ቆየሁ። ስልኬን አጥፍቼው ነበር፤ ማንም የት ነሽ እንዳይለኝ።

ያሳፈረኝ ባለ ባጃጅ የሰፈራችን ልጅ ነው። በመስታወቱ አየኝና፣ “እቴቴ ፋጤ፣ ሲፈልጉሽ ነበር እኮ” አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። ሰው እኔን የሚፈልገው ለአንድ ነገር ነው። ደረቴን ዳበስኩ። ቁልፉ በላብ ረጥቧል።

ስደርስ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ወንዶቹ ባዶ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሰሌን የለም፣ ድንኳን የለም። የዕቃ ቤቱን መቆለፊያ በዲጅኖ እየሰበሩ ደረስኩ። ቁልፉን ዘረጋሁ። ማንም አልተቀበለኝም። አንዴ ተጀምሯል፣ ሰበሩት።

ወደ ዘምዘም ገባሁ። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ቦታ ለቀቁልኝ፤ ሊያስቀምጡኝ አይደለም፣ ከሽቶዬ ሊሸሹ ነው። ዘምዘም አየችኝ። ከራስ እስከ እግር። ከጀርባዬ አንዷ፣ “የኡመር ነፍስ ስትወጣ ጎረቤቱ እስክስታ ላይ ነበረች” አለች። ቀስ ብላ፣ ግን እንድሰማ።

ዛሬ ጠዋት ቀበርነው። የተሰበረው በር ገመድ ታስሮበታል።

ማክሰኞ፣ ህዳር 21

ሦስቱ ቀን አለቀ። ውሃ ቀዳሁ፣ ዕቃ አጠብኩ፣ ድስት ስሸከም ወገቤ ተቆረጠ። ሴቶቹ ይቀበሉኛል፣ ያዝዙኛል፣ “ፋጤ እዚያ አድርጊው” ይሉኛል። ዓይኔን የሚያይ ግን የለም።

ዘምዘም ዒዳ ላይ ናት፤ የባል ሐዘን ነው። አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አትወጣም። እኔም አሳልፌዋለሁና አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ሰው ይጎርፋል። ከዚያ ይቀንሳል። ከዚያ ሰው ሲያልፍ በእግሩ ኮቴ ማንነቱን መለየት ትጀምሪያለሽ፣ ምክንያቱም የሚገባ የለም።

አብሽሪ፣ አይዞሽ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከአፏ ቃል አላገኘሁም።

ዓርብ፣ ታህሳስ 1

የቅሬው ዳኛ አያ ሙሄ መጡ። ከጁምዓ መልስ፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ “አካም ኦልቴ፣ ፋጤ፣ እንዴት ዋልሽ” ብለው። ውሃ ብቻ ጠጡ። ስለ ማሽላው አወሩ። ስለ ቦርከና ውሃ አወሩ። ለከባድ ነገር እንደመጡ ያወቅኩት በዚህ ነው።

ኋላ፣ “ልጄ፣ ዘፈን ሰማሽ ብዬ አይደለም” አሉኝ። “እኔም በጉብዝናዬ መንዙማ ላይ ድቤ ስመታ አድሬ እርሻ የረሳሁ ነኝ። ቁልፍ የያዘ ሰው ግን ቤቱ ይገኛል። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም።”

ከተናገሩት የተረፈው ይሄ ነው፦ አዲስ መቆለፊያ ተገዝቷል። ቅዳሜን ትቼያለሁ ብዬ እሁድ በቅሬው ፊት ከተናገርኩ ቁልፉ የእኔ ነው። ካልሆነ ለሌላ ይሰጣል። ማንም አይቀየመኝም አሉ። “ማንም” ሲሉ ወደ ዘምዘም ግቢ አዩ።

ከሄዱ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ። ቃል መግባት ቀላል ነው። ቅዳሜ ቤቴ እቀመጣለሁ፣ በሬ ይንኳኳል፣ ሰው ነኝ። ግን ቃሉን እንደምጠብቅ አላውቅም። አንድ ቅዳሜ አስፋልቱ ላይ ስሄድ ድምፁ ይጠራኛል። ራሴን አውቀዋለሁ። ያኔ የማንን ጀናዛ ነው የማስጠብቀው?

ደግሞስ ያን ብተው ምን ይቀረኛል። እዚያ ስገባ ብቻ ነው የሆነች ልጅ የነበርኩ መሆኔን የማስታውሰው። እዚህ የሰይድ ሚስት ነኝ፣ አሁን የሰይድ ሚስት የነበርኩ።

ያ ረቢ። ሁለቱንም እፈልጋለሁ።

እሁድ፣ ታህሳስ 3። ከቅሬው ስብሰባ መልስ።

ሰጠሁ።

ጠዋት መጀመሪያ ዘምዘም ዘንድ ገባሁ። ሳልነግራት ማድረግ አልቻልኩም። ጥቁር ሻሿን አስራ ግድግዳውን ተደግፋለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ ከቀብሩ ወዲህ ለእኔ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረች። “ዘፈኑ ጥሩ ነበር?” አለችኝ።

ስድብ ነው ብዬ ፊቷን አየሁ። አይደለም። የምሯን ነው የምትጠይቀው። ጥሩ ነበር አልኳት። መዋሸት ነበረብኝ? አላውቅም። እሷም፣ “መሬት ላይ ነው እኮ ያስቀመጥኳቸው፣ ፋጤ። የኡመርን እንግዶች” አለች። አለቀሰች። እኔም። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ፣ እሷም አልነጠቀችኝም። ይቅር ማለቷ ነው? አልጠየቅኩም። ቁልፉን አንቺ ያዢው ስላት ሳቅ የመሰለ ነገር ወጣት። “ልትገላግዪኝ ነው ወይስ ልታስሪኝ?” አለች። አልነገርኳትም ገና ስለሚመጣባት ጸጥታ። ይመጣባታል።

ስብሰባው ላይ ተነስቼ ቆምኩ። በቅሬው ፊት ድምፄን አሰምቼ አላውቅም። ቅዳሜን እተዋለሁ ብዬ ቃል አልገባም፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም አልኩ። ጉርምርምታ ሆነ። ከወንዶቹ አንዱ፣ “ታዲያ ዘፋኞቹን ቅሬ አባል እናድርጋቸዋ!” ብሎ አሳቀባቸው። እስኪያበቁ ጠበቅኩ። ከዚያ ቁልፉ ለዘምዘም ይሰጥ አልኩ። ዒዳ ላይ ናት፣ ከቤት አትወጣም፤ ከዚህ የተሻለ ጠባቂ ከየት ታመጣላችሁ? ዕቃ ቤቱም አጥሯ ሥር ነው።

አያ ሙሄ ጢማቸውን ዳሰሱ። “ዒዳዋ ሲያልቅስ?” አሉ።

ያኔም ቤቷ ትሆናለች አልኩ። የት ትሄዳለች።

ሳቁ ቆመ። ተስማሙ።

ቁልፉን ወስጄ የሰጠኋት ራሴ ነኝ። ደረቷ ውስጥ ከተተችው፣ ልክ እኔ እንደማደርገው። ማንም አላሳያትም።

ቅዳሜ፣ ታህሳስ 9

ሄድኩ። ያው ወንበር። ሾፌሩ የለም። ሻዩ ትኩስ ነበር። ልጁ በሰፊው ኮሌታ ኮቱ ወጣ፣ አንገቱን ሰበር አደረገ። ዛሬ ግን ልጁ አልጠፋም። ኮቱም አልጠፋም። ብብቱ ሥር ስፌቱ መተርተሩ ሁሉ ይታየኛል።

ስልኬን አላጠፋሁትም፣ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ማንም አልደወለም። ለምን ይደውላል።

መጨረሻው አካባቢ፣ ኪቦርዱ ሳክስፎኑን ሲያስመስል፣ ለጥቂት ጊዜ መስኮቱ ሥር ተመለስኩ። እናቴ ገና አልታመመችም። ድንጋዩ እግሬን ይቆረቁረኛል። ከዚያ መብራት ጠፋ፣ ሰው አጉረመረመ፣ ጀነሬተር እስኪነሳ ሳልጠብቅ ወጣሁ።

ለዚህች ምሽት ቁልፉን መክፈሌ አላጸጸተኝም። ግን ውድ ነው። ማወቄን ልጽፍ ብዬ ነው።

በዘምዘም አጥር ሳልፍ መብራቷ በርቶ ነበር። አላንኳኳሁም። ሽቶ ተቀብቼ ነበር።

ሐሙስ፣ ታህሳስ 14። ሱብሒ ሰግጄ፣ ገና ሳይነጋ።

በሳምንቱ ውስጥ በሬን የነካ የለም። የሠርግ ድስት የፈለጉት እንኳ እዚያ ነው የሄዱት። ከመስኮቴ አየኋቸው፣ ከዘምዘም ጋር ሲያወሩ፣ ሲስቁ። እሷም ስትስቅ። ደስ ብሎኛል ብዬ ልጽፍ ነበር። ደስ ብሎኛል። ጎኔን ግን ያመኛል።

አሁን ኮቴ ሰማሁ። ሩጫ ነው፣ ባዶ እግር አይደለም፣ ሸበጥ። እጄ ሳላዘው ወደ ደረቴ ሄደ። ኮቴው በሬ ላይ ደረሰ። አለፈኝ። የዘምዘም በር ተንኳኳ።

የምትናገረው ይሰማኛል። ወዲያው ነው የመለሰችው፣ ተኝታ እንዳልነበረች። ከጨፋ በኩል ያሉት ሽማግሌ ሞተዋል፣ በሕልሜም በውኔም አንድ ጊዜ እንኳ ያላወራኋቸው ሰው። የተላከው ልጅ ቁልፉን ተቀበላት። እሷ መውጣት አትችልም። ልጁ ብቻውን ከዕቃው ጋር ይታገላል፤ ድንኳኑ ከኋላ፣ ሰሌኑ ከሥር ነው የሚቀመጠው፣ መጀመሪያ ቃሬዛው ካልወጣ ምንም አይወጣም። ሲንኳኳ፣ ሲወድቅ ይሰማኛል።

ማንም አልጠራኝም።

ለቅሶ ግን ጥሪ የለውም። ማንም ሰው ተጠርቶ አያውቅም፣ ሰምቶ ይሄዳል እንጂ። እኔም ሰምቻለሁ። ሻሼን አስሬያለሁ፣ ሽቶ የለኝም፣ ጫማዬ አንዱ አልጋው ሥር ገብቶብኛል፤ ሳላገኘውም ብሆን እየወጣሁ ነው፣ የሰሌኑን አንድ ጫፍ የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል።