የቀኝ ጡትሽ

ለልጄ እናት፤

እንደምን ሰነበትሽ? ስፌቱ ደረቀልሽ? ትኩሳቱስ ለቀቀሽ? ልጃችን ክንድሽን ማንሳት እንደጀመርሽ ነገረችኝ፤ እፎይ አልኩ። እኔ ከተሰነጠቀው የእጄ አጥንት በቀር ደህና ነኝ።

ጡትሽ ውስጥ ሲሊከን ስለከተተው ስለ ሊንደን የሰማሽው እውነት ነው። እሑድ ከቀዘፋ ተመልሰን ጀልባዋን ወደ ክበቡ መጋዘን ስንገፋ፣ እንዴት ናት አለኝ። አንተ የከተትከው ደንድኖ፣ እሱን ለማውጣት እንደገና ቀደዷት አልኩት። ሳቀ። አይዞህ ሽማግሌው፣ ድንጋይም ቢሆን ጡት ጡት ነው፤ ቢያንስ አይወርድም አለኝ።

በመቅዘፊያው እጀታ አገጩን መታሁት። ሁለት ጥርሱ አሸዋው ላይ ረገፈ። ወድቆም አልተውኩትም፤ ደረቱ ላይ ተንበርክኬ፣ ይሄስ ድንጋይ ነው ወይ እያልኩ ወቀጥኩት። አራት ሰው ነው ጎትቶ ያነሳኝ።

እሱን የመረጥኩልሽ እኔ ነኝ። በዚህ ባሕር ዳርቻ ሰው የሚመዘነው በቀዘፋው ነው። አሥራ አንድ ዓመት መቅዘፊያው ያልተዛነፈበት ሰው ቢላዋም አይዛነፍበትም ብዬ፣ ቀዶ ጥገና የት ተማርክ ሳልለው አስረከብኩሽ። ድልድይ ስመረምር የአንድ ብሎን ወረቀት ሳላይ የማልፈርመው ሰውዬ!

ትናንት ጠበቃዬ ለዳኛዋ የጻፍሽውን አሳየኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን እጁን አንስቶብኝ አያውቅም ትያለሽ። ይህቺ ወረቀት ከእስር ታተርፍሃለች ብሎ ጠበቃው ፈነደቀ። ከሥሯ ሲሊከኑን ያወጣችልሽ የብሪዝበኗ ሐኪም ሪፖርት ነበር። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የግራው በሊንደን ሥራ ነው የደነደነው፤ ጠባሳ አንቆታል። የቀኙ ግን አልደነደነም። ተተርትሮ ሲሊከኑ እስከ ብብትሽ ፈሷል፤ ከኃይለኛ ምት የተነሳ ይላል። የኩሽናው ቁም ሳጥን በር መታኝ ብለሻታል።

ያንን ቁም ሳጥን የሠራሁት እኔ ነኝ። በሩ ተንሸራታች ነው።

የገና ማግስት ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የክሪኬት ጨዋታ ነበር። ከዚያ በላይ መጻፍ ያ ያነሳሁብሽ እጄ እምቢ አለ።

ችሎቱ ሐሙስ ነው። ወረቀትሽን ከመዝገቡ አንሺ። ካላነሳሽ እኔው ቆሜ አነባትና ስለ በሩ እናገራለሁ። ልጃችንም ትምጣ፤ ከእኔ አፍ ትስማው።

ቁስልሽ ይጠገን፤ እንቅልፍሽ ይመለስ። የመኪና ድምፅ በሰማሽ ቁጥር የማትደነግጪበት ቤት ይስጥሽ።

የልጅሽ አባት