ፎቅ ላይ ያለው ክፍልህ

ልጄ ኪሩቤል፣ ብዕሩን የያዘችው እህትህ ዜማ ናት፤ ቃሉ የእኔ የአባትህ ነው። ለሥራ በሄድህበት ጤና ይስጥህ፤ እኛ አለን።

ጀምረኸው የሄድኸው፣ በመሃሉ ኮንክሪት የሚሞላው የፎም ግድግዳ ቆሟል። «ይኼ ፍራሽ ነው እንጂ ግድግዳ ነው?» ብዬ ስቄ ነበር። ግንበኞቹ የፎቅ ክፍልህን ወለል የሚሸከመው ጣውላ በሚያርፍበት ፎሙን ቀደው፣ ቡሎን አቁመው ኮንክሪት ሞሉበት። ሲደርቅ ጣውላውን በቡሎኑ አሰርሁ፤ የወለሉን ሞራሌዎች እሱ ላይ አያያዝሁ። ወጥቼ ረገጥሁት፤ አልተነቃነቀም።

ከፋሲካ ወዲህ ስልክህ አይጠራም። የእድሩ ሰዎች የማይሆን ወሬ ሰምተው ድንኳን እንትከል ብለው መጡ። ግቢው አሸዋ ነው፣ ቦታ የለም ብዬ መለስኋቸው። በማግስቱ ሌላ አሸዋ አስገለበጥሁ።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ካለህበት ይጠብቅህ።

ዜማ፣ አድራሻው የት ነው አትበይኝ። ይልቅ ያልሁሽን መልሰሽ አንብቢልኝ።