ለእናትሽ ስልክ የመጣው መልእክት

ረቡዕ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩሽ ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ ሐኪም አይቶ በወረቀት ጽፎ የሰጠኝ ደህንነት ነው። እንዴት እንደተገኘ ልንገርሽ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። በስልክ ሁለት ጊዜ ጀምሬው፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁ። ልጄ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ቆማለች፣ አላስቁማት ብዬ ለራሴ ሰበብ ሰጠሁ። እውነቱን ለመናገር አፌ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ ይኸው፣ ወደ መንገድ ሥራ ካምፓችሁ በሚመጣው አውቶቡስ ሹፌር እጅ ልኬልሻለሁ።

ከሦስት ወር በፊት የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ከሃምሳ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ሁሉ በስልክ መልእክት መላክ ጀመረ። የእኔ እንዲህ ይላል፦ «ጤና ይስጥልኝ። እኔ የጤና ጣቢያው መልእክት አድራሽ ነኝ። ሰው አይደለሁም፤ በሰው ሰራሽ አስተውሎት ነው የምሠራው። ለአንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ዕድሜዎ ደርሷል።» ዝም አልኩት። በሳምንቱ ደገመ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የምቀመጠው አውቶቡስ ጣቢያው ስምሪት ክፍል አይደል? እዚያ ለድሮ ረዳቴ፣ «ቀስ በቀስ» ለምንለው አሳየሁት።

«ሌቦች ናቸው፤ ነገ የእናትህን ስም ይጠይቁሃል» አለኝ።

በሦስተኛው ብሽቅ ብዬ «ሥራ የለህም?» ብዬ ጻፍኩለት። «ሥራዬ ይኸው ነው» ብሎ መለሰ። ሳልወድ ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ምልልስ ገባን። ምንም አያመኝም አልኩት። «ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሰማ ነው የሚጀምረው፤ ምርመራውም ምንም ለማይሰማቸው ነው» አለኝ። ነውር ነው አልኩት። «ናሙናውን ቤትዎ ሆነው ራስዎ ነው የሚወስዱት፤ ማንም አያይዎትም» አለኝ። በመጨረሻ «አንተ አንጀት ሳይኖርህ ስለ አንጀት ምን አገባህ?» አልኩት። «እውነት ነው፣ የለኝም። አንጀት ያላቸው ሲስተር ግን ማክሰኞና ሐሙስ ለምርመራ የመጣ ሰው ይቀበላሉ፤ እሳቸውን ያነጋግሩ» አለኝ። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። እስከዚያ ድረስ ለእኔ ጊዜ ማሳለፊያ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት የእናትሽ ስልክ ጮኸ።

አጥፍቼው እንደማላውቅ አልነገርኩሽም መሰለኝ። ቁምሳጥኑ ላይ ነው ያለው፣ በየሁለት ቀኑ ቻርጅ አደርገዋለሁ። ብድግ ብዬ አነበብኩት፦ «ጤና ይስጥልኝ እመቤት። የቅድመ ምርመራ ጊዜዎ ደርሷል። ዛሬ እንዴት ነዎት?»

ዛሬ እንዴት ነዎት ይላታል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ «እመቤቲቱ ሞታለች። በዚሁ በምትለው በሽታ። ሦስት ዓመት ሆናት» ብዬ ላኩ።

አልተከራከረኝም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስሕተቱ የእኛ ነው። ስማቸው ከዝርዝሩ እንዲወጣ አሁኑኑ ለሲስተር አሳውቄአለሁ፤ ወደዚህ ስልክ ከእንግዲህ አልጽፍም። እሳቸው ነገ ቢደውሉልዎ ይፈቅዳሉ?» አለኝ። ትደውል አልኩ። የምሰድበው ሰው ስላገኘሁ ነው እሺ ያልኩት።

ሲስተር ሰኞ ጠዋት ደወለች። ድምፅዋ የልጅ ነው። አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኳት፤ እስክጨርስ ሰማችኝ። «ልክ ነዎት አባባ። መዝገቡን ያላስተካከልነው እኛ ነን፤ ማሽኑ የሰጠነውን ነው የላከው» አለች። ቀጥላም «ባለቤትዎ መጀመሪያ ምን ነበር የተሰማቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንቺ በቀብሩ ማግስት «አንተ የት ነበርክ?» ብለሽኛል፤ ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። አሁን ልመልስልሽ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዷን ስትል «ጨጓራ ነው» ትል ነበር። እኔም ጨጓራ ነው እል ነበር። አንድ ሰኞ ማታ ልብሴን እያጠፈች «ነገ ሐኪም ቤት አብረኸኝ ሂድ፤ ብቻዬን ፈራሁ» አለችኝ። በማግስቱ የሩቅ መስመር ጉዞ ነበረኝ። የሚተካኝ ሹፌር አልጠፋም ነበር፤ ግን አልጠየቅሁም። «ስመለስ፣ በሳምንቱ እንሄዳለን» አልኳት። በሳምንቱ «ተሻለኝ» አለች። እሷ ዳግም አልጠየቀችኝም፣ እኔም አላነሳሁባትም። በሽታው የታወቀው ከዚያ ሰባት ወር ቆይቶ ነው። የነበርኩት እዚያ ነው ልጄ፣ መሪው ላይ። ለአንቺ ሳልነግርሽ ፊቷን ላላየሁት ሰው መናገሬን ይቅር በይኝ።

ሲስተር አላጽናናችኝም። «ሐሙስ ይምጡ» ብቻ አለችኝ። ሄድኩ። ትንሽ ብልቃጥና እንጨት ሰጠችኝ፤ የቀረውን አባት ለልጁ አይጽፍም። በሳምንቱ ናሙናዬ ላይ ዓይን የማያየው ደም ተገኘ ተባልኩና ወደ ሆስፒታል ተላክሁ። እዚያ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ አንጀቴን ሊያዩት ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ሆድ የሚያጥብ መድኃኒት በሁለት ሊትር ውኃ በጥብጠው አስጠጡኝ። አርባ ዓመት መኪና ስነዳ እንደዚያ ቀን ብዙ ፌርማታ ቆሜ አላውቅም።

በማግስቱ በመርፌ አስተኙኝ፤ ስነቃ አልቋል። ሁለት እባጭ አግኝተው እዚያው ቆርጠው አወጡ። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ዶክተሩ አስቀምጦ አስረዳኝ። «ካንሰር አይደለም። አንደኛው ግን ቢቆይ ሊሆን ይችል ነበር። አሁን ወጥቷል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ይምጡ» አለኝ። አብሮኝ የመጣው ቀስ በቀስ በር ላይ ሆኖ ሲሰማ ነበር። ሰፈር ስንደርስ «ያ ሌባ ያልኩህ፣ ቁጥሩን ላክልኝ እስቲ» አለኝ።

ማታውን ለማሽኑም «ወጥቷል» ብዬ ጻፍኩለት። «ደስ ብሎኛል» አለ። ደስታ ይሰማው አይሰማው እንጃለት። ቀጥሎ ልጅ እንዳለኝ ጠየቀኝና፣ ብትፈቅድ ለእሷም መልእክት ሊልክላት እንደሚችል ነገረኝ። የስልክሽን መጀመሪያ ሦስት ቁጥር ጻፍኩና አጠፋሁት። «እኔ ራሴ እነግራታለሁ» አልኩት።

የምነግርሽ ይኸውልሽ። ዶክተሩ እናትሽ በስንት ዓመቷ እንደታወቀባት ጠይቆኝ ሃምሳ ስምንት አልኩት። «እንግዲያው ልጅዎ አርባ ሲሞላት መመርመር አለባት» አለ። ባለፈው ወር ሞልቶሻል። የቤቱ ብልቃጥ ለአንቺ አይበቃም፤ በካሜራ የሚታየውን ነው የምትጠይቂው። «እናቴ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ የአንጀት ካንሰር ተገኝቶባት ነበር» በዪ፤ ሳትደባብቂ፣ እንደዚሁ በዪ። መንገዱ ሲያልቅ እሄዳለሁ አትበይኝ። የመንገድ ሥራ እንደማያልቅ እኔ ሹፌሩ አውቃለሁ።

ቀን ስትቆርጪ በብጣሽ ወረቀት ጻፊና ለዚሁ ሹፌር ስጪው፤ ዓርብ ተመልሶ ይመጣል። አውቶቡስ ተሳፍሬ እመጣለሁ። ከውጭ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ቦርሳሽን እይዝልሻለሁ። ከእኔ ጋር ማውራት ባትፈልጊም አታውሪ፤ ቦርሳውን ብቻ ስጪኝ።

የቀየስሽው መንገድ ይቅናልሽ፤ የሚሄድበት ሁሉ በሰላም ይግባ፤ አንቺንም ከክፉ ይሰውርሽ።

ከስምሪት የተሰናበተው፣
አባትሽ