ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ስንጥቅ

ወንድም ጋሼ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን።

ጎረቤታችን "የጋራው ግድግዳ ይደረመሳል" ብሎ የቤታችንን ጥገና በጊዜያዊ እግድ አስቆመው። ጣሪያው ተነስቷል፤ እማዬ ሸራ ስር ነው የምትተኛው፣ ዝናቡም ደርሷል። ዛሬ ፍርድ ቤቱ ትእዛዙን ራሱ መልሶ እንዲያይልን አመለከትኩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ "ዳኛው ራሳቸውን ያርሙ ነው የምትይው? ደፋር ነሽ እቴ!" ብላ ሳቀችና የጎረቤታችንን አቤቱታ ቅጂ ሰጠችኝ።

ከእማዬ ቁም ሳጥን ጀርባ ያለው ስንጥቅ ርዝመቱ ሳይቀር አቤቱታው ላይ ተጽፏል። ሰውዬው ቤታችን ገብቶ አያውቅም። እማዬ እንዳትደነግጥ ቁም ሳጥኑን አስጠግተን የሸፈንነው አንተና እኔ ነን፤ ከሁለታችን ሌላ ያየው የለም።

እማዬ አቤቱታውን አንብቢልኝ ስትለኝ፣ ስንጥቁ ጋ ስደርስ ዘለልኩት።

ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። ጤናህን ያብዛልኝ፤ መልስህን በእኔ ስም ብቻ ላክልኝ።

ታናሽ እህትህ