በሚካኤል ዕለት የተፈታችው ፒካፕ

ጥቅምት 12፣ ባሕር ዳር

ደሜ ፈልቷል። የገጠሩ መንገድ የጨረሳቸውን የፒካፗን የፊት ጎማዎች የሚይዙትን ክንዶች ልቀይር ብዬ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ጎማዎቹን አወለቅሁ። ብሎኑ ዝጎ እምቢ ሲለኝ በመዶሻ መምታት ጀመርሁ። ጎረቤቴ መሪጌታ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ በሚካኤል ቀን መዶሻ ይሰማል?»

አፍሬ መዶሻውን አስቀመጥሁ። መኪናዋም እንደተፈታች ድንጋይ ላይ ቀረች።

ከሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡ። «ነገ ማለዳ ዱርቤቴ ከተማ ተዝካር አለብኝ። በአንተ መኪና እመጣለሁ ብያቸዋለሁ» አሉ። የተጋደሙትን ጎማዎች አሳየኋቸው። «ግድ የለም፣ ሚካኤል ያውቃል» አሉኝ።

ሊቀ መላእክቱ ወርዶ ብሎን ሊፈታልኝ ነው? ይህን ፊት ለፊት መናገር ነበረብኝ። ያልሁት ግን «እሺ፣ የኔታ» ነው።