ከሺባ ፊት የሚገባው

ጥቅምት 3፣ ባያ
ዝናብ። የሰርከሱ ድንኳን ርሶ አልጠቀለል ብሎ ወንዶቹ ከጠዋት ጀምረው ይሳደባሉ። የአንበሶቹን ጋሪ አጠብኩ፣ ቀለብኳቸው። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ስላበጠ የጎን መዝጊያው በመዶሻ ነው የተዘጋው። ውስጥ ሆነው ምን ያስቡ ይሆን... ሲዘጋባቸው ድምፅ እንኳ አያሰሙም።
አባዬ ለዝሆናችን ለሺባ ድርቆሽ ሲያቀርብላት እግሩን ሲጎትት አየሁ። አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩ።
እጮኛዬ ዴዦ ከኬችኬሜት ከተማ ድረስ ሊያየኝ መጣ። ከኮርቻ ሰፊ እጅ የቆዳ ሽታ አይለቅም፣ እወደዋለሁ። “ወጥ ቤቱን ኖራ ቀባሁት” አለኝ። ወጥ ቤት! ተነስቶ የማይሄድ ቤት። የትርኢቱ ዙር አልቆ እዚያው ኬችኬሜት ለብርዱ ወራት ስናርፍ እንጋባለን። አባዬ ፈቅዷል። “ሂጂ ልጄ። እኔ ሺባ አለችኝ።” እኔ ከዝሆን እኩል...

ጥቅምት 4
ጭነት። መጀመሪያ ጋሪዎቹ ጠፍጣፋው ፉርጎ ላይ፣ ከዚያ ፈረሶቹ፣ መጨረሻ ሺባ። እንደ ወትሮው አህያው ቤኒ ከፊቷ ገባ። ፈሱን እየለቀቀ፣ የአንገቱን ደወል እያንቃጨለ በሳንቃው ወጣ። ሺባ ኩምቢዋን ቂጡ ላይ አድርጋ ተከተለችው። እሱ ካልቀደመ እግሯን አታነሳም። አባዬ እንደሚለው ዝሆን የምትረግጠውን ነገር ካላመነች አትረግጥም፤ እሷ ደግሞ የምታምነው ይሄን አህያ ብቻ ነው።
ሰው ሁሉ ላይ የሚጮኸው የሰርከሱ ባለቤት ቦጎሽ እንኳ ባርኔጣውን አንስቶ “ክቡር ቤኒ ይቅደሙ” ይለዋል። ዛሬም አለው። ተሳቀ።

ጥቅምት 9፣ ሞሃች
ቤኒ ያስለዋል። ፉርጎው ወለሉ ረጥቧል፣ ምድጃው ጭስ እንጂ ሙቀት የለውም። አባዬ ለብ ባለ ውሃ አረቄ በጥብጦ አጠጣው። ግማሹን ራሱ ጠጣው መሰለኝ።

ጥቅምት 11
ቤኒ ሞተ።

ጥቅምት 12
አባዬ ልቅበረው አለ። ቦጎሽ አባዬን፦ “አንበሳ በጸሎት ይጠግባል እንዴ ቬንደል? ሁልጊዜ እንደምናደርገው ነው።”
እውነት ነው፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። የሞተ ፈረስም፣ የሞተ ግመልም ለአንበሶቹ ነው። የምቀልባቸው ደግሞ እኔ... ቆራረጥኩት። ደወሉን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። ሺባ ቤኒ የተኛበትን ጭድ እያነሳች ከሥሩ ስትፈልገው ዋለች። አንጀቴን በላችው። ማታ እራት አልበላሁም።

ጥቅምት 14
ሺባ አልገባም አለች። አባዬ ለመናት፣ ወንዶቹ ገፏት፣ በሰንሰለት በፈረስ አስጎተቷት። ተቀመጠች! ተራራ ተቀመጠ ማለት ነው። የጣቢያው ሹም ፊሽካውን ይነፋል። ባቡሩ ጥሎን ሄደ።
ቦጎሽ አልጮኸም። እሱ ሳይጮህ ነው የሚያስፈራው። “ነገ ካልገባች ለቆዳ ፋቂው እሰጣታለሁ። ዝሆን እየጠበቅኩ ሌላውን እንስሳ በረሃብ አልጨርስም።”
የአባዬን ፊት አየሁት። እሷን ካጣ ይሞታል። ይሄን እንደ ስሜ አውቃለሁ።

ጥቅምት 15
ዘዴው የኔ ነው። ፉርጎው ጨለማ ውስጥ ገብቼ፣ ከሳንቃ ግርዶሹ ኋላ ቆሜ የቤኒን ደወል አንቃጨልኩ። መጣች። እየሮጠች መጣች። አባዬ እግሯን በሰንሰለት አሰረ፣ በሩ ተዘጋ።
ከግርዶሹ ስወጣ በኩምቢዋ ዳሰሰችኝ። እጄን፣ ደወሉን፣ አንገቴን። ከዚያ ጥጉን ፈተሸች። ከዚያ ከሆዷ የወጣ ድምፅ... በጆሮዬ ሳይሆን በእግሬ ነው የሰማሁት።
ሁሉም “ጎበዝ ኤቴልካ!” አሉኝ። አባዬም “ጎበዝ” አለ፣ ሳያየኝ። አፈርኩ። ሕይወቷን ነው እኮ ያተረፍኩት! ለምንድነው ያፈርኩት?

ጥቅምት 20፣ ካሎቻ
የመጨረሻው ትርኢት አለቀ። ጭነት። ዐይኔን በጨው አጥቤ ደግሞ ደወሉን አንቃጨልኩ። ጀርባዋን ሰጠችኝ።
“ሁለተኛ አትታለልም” አለ አባዬ።
“ይሄን ለምን ያኔ አልነገርከኝም?”
“ሌላ ምን ነበረን?”
ራሱ ሊቀድማት በሳንቃው ወጣ። እግሩ ከዳው። ሲወድቅ የዳሌው አጥንት ሲሰበር ተሰማኝ። ተሸክመው ወሰዱት። ቦጎሽ ቆዳ ፋቂ ሊያስጠራ ሰው ሲልክ አየሁ።
ያኔ ደወሉን ሐዲዱ ላይ ጥዬ ገባሁ። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ ፋኖስ አበራሁ፣ ቤኒ ይቆምበት የነበረው ጭድ ላይ በግልጽ ቆምኩ። አልጠራኋትም። ምን ብዬ እጠራታለሁ? ብዙ ቆየሁ። እግሬ ደነዘዘ። በመጨረሻ አንድ እግሯን ሳንቃው ላይ አደረገች... ተመለሰች... ደገመች። ገባች። ኩምቢዋን ትከሻዬ ላይ ጣለችው።
ልወጣ ስል ፉርጎውን ታናውጠው ጀመር። እስከ ኬችኬሜት እዚያው ሆኜ ሄድኩ።

ኅዳር 4፣ ኬችኬሜት
የብርዱ ወራት ማረፊያችን፣ የድሮው ጡብ ፋብሪካ። አባዬ አልጋ ላይ ነው። ሐኪሙ ከእንግዲህ በከዘራ ነው አለ። “ሺባ በላች?” ይላል ሁልጊዜ። እኔ በላሁ አልበላሁ አይጠይቅም።
ሌላ አህያ ተገዛላት። በግንባሯ ገፍታ ከበረቱ አስወጣችው። ደግመው አስገቡት፣ ደግማ አስወጣችው። ሌሊት ካጠገቧ ካልተኛሁ ሰንሰለቱን ስትጎትት ታድራለች።
ዴዦ መጣ። በረቱ በር ላይ ቆሞ ብዙ አየኝ።
“ሌላ ሰው ይልመዳት።”
“ማን?”
“እኔ ምን አውቃለሁ። እስከ ፋሲካ እጠብቅሻለሁ ኤቴልካ። ከፋሲካ በኋላ ግን እኔም ሰው ነኝ።”
ፋሲካ ዙሩ የሚጀመርበት ነው። እሱም ያውቃል። ሲሄድ ጠራሁት፣ ዞረ፣ ሺባ ሰንሰለቷን ጎተተች፣ ወደሷ ተመለስኩ። ወጥ ቤቱን ሳላየው ቀረሁ።

ኅዳር 11
በረዶ ጣለ። ሺባን አዲሱ በረት እንድትገባ መቅደም ነበረብኝ። ቀደምኩ። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። ቦጎሽ ባርኔጣውን አነሳ።
“ክብርት ኤቴልካ ይቅደሙ።”
ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ... ኩምቢዋ ወገቤ ላይ ነበር፣ ይሞቃል።
ከዚያ የአንበሶቹ ሰዓት ስለደረሰ ሄጄ ቀለብኳቸው።