ሚኒሞ የማትይዝ መኪና

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ዛሬም የመኪናዋ ሞተር ጠፋ። ለተብርሃን ከቁሓ ስትመለስ፣ አደባባዩ ላይ። እግሯን ከነዳጅ መስጫው ባነሳች ቁጥር። ከኋላዋ ሚኒባስ፣ ክላክስ በክላክስ። ረዳቱ ወርዶ፣ «እኅቴ፣ ምሳዋን አልሰጠሻትም እንዴ?» አላት። ልጄ እያለቀሰች ገባች። የወንድሟ መኪና ናት፣ ሰው ሲሰድባት አትችልም።

ደብተሬ፣ ይህን አመል አውቀዋለሁ። ልጄ ሃፍቶም ወደ ጦርነቱ ከሄደ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አስነሳት ነበር። ሲመጣ ባትሪዋ ሞቶ እንዳያገኛት። መጀመሪያ ደህና ነበረች። በኋላ እግሬን ካነሳሁ ትንቀጠቀጥና ጸጥ። ሚኒሞ አትይዝም ይሉታል።

ኪሮስን እጠራለሁ። የሃፍቶም ጓደኛ፣ ባለ ታክሲ፣ መኪና መፍታትም ይችላል። አርጅታለች አደይ፣ ይለኛል። ብርድ ነው፣ ይለኛል። አንዲት ብሎን ጠበቅ አድርጎ ይሄዳል። ለጥቂት ቀን ትሻላለች። መልሳ ያው።

እሱ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ከለተብርሃን ጋር ቁሓ ጋራዥ ሄድን። ኪሮስን ደጋግሜ ማስቸገሩ አሳፍሮኝ ነው። መካኒኩ ጨዋታ ያውቃል። እየፈታ አስረዳኝ። እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ዋናው የአየር በር ይዘጋል። ሞተሩ በትንሽ ሌላ መንገድ ይተነፍሳል። መንገዱን የሚከፍትና የሚያጠብ ቫልቭ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ጥቀርሻ ይይዘዋል፣ ይታጠባል፣ ይድናል።

ፈታ። አጎንብሶ አየ። ከዚያ ሳቀ።

«አደይ፣ የሚታጠብ ነገር የለም። ቫልቩን አውጥተው ቀዳዳውን በጣሳ ቁራጭ ደፍነውታል። ይህች የጠበቀች ብሎን ዋናውን የአየር በር በግድ ገርበብ ለማድረግ ነበረች።»

ቆርቆሮውን ተቀበልሁት። ማስቲሹን በጥፍሬ ፋቅሁ። አረንጓዴ። የሕፃን ጉንጭ። የዱቄት ወተት ጣሳ። ይህን ጣሳ እኔ ነኝ የገዛሁት፣ ለኪሮስ ልጅ ክርስትና።

ያኔ መርዶ አልመጣም። ያኔ ሃፍቶምን እየጠበቅሁ ነበር።

የሁለቱም መኪና አንድ ዓይነት ነው። የሃፍቶም ቫልቭ የኪሮስ ታክሲ ላይ ነው ያለው። ያኔ ጓደኛው በማግስቱ ቢመጣ ምን ሊለው ነበር? እንዴት ደፈረ? እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ኪሮስን ጠራሁት። ቆርቆሮውን ፊቱ አስቀመጥሁ። አየው። አልካደም። ያኔ ነዳጅ ገና መግባቱ ነበር አለኝ፣ መለዋወጫ ግን የለም፣ ታክሲዋ ቆማለች፣ ልጅ ተወልዷል። ይህ ይገባኛል። ለምን አልጠየቅኸኝም አልሁት። እሰጥህ ነበር። ሃፍቶም ሲመጣ ምን ልትለው ነበር?

አንገቱን ደፋ።

«አይመጣም ነበር፣ አደይ።»

ከሃፍቶም ጋር የነበረ ሰው ተመልሶ መሞቱን ነግሮታል። ከክርስትናው በፊት! እኔ ወተቱን ይዤ ስገባ ያውቅ ነበር። ጉንጬን ስሞ፣ ሃፍቶም ሲመጣ እንደገና እንደግሳለን አለኝ። እኔም መረቅሁት።

«መኪናዋን ሲያስነሱ ፊትዎ ይበራ ነበር። በምን አፌ ልንገርዎት?»

ስለዚህ ብሎን ያጠብቅልኝ ነበር። እኔ የሞተ ልጄን መኪና እንዳሞቅለት።

ቫልቩስ ብረት ነው። ቅዳሜዎቼን ግን ምን አድርጌ እረሳለሁ?

ውጣልኝ አልሁት። ወጣ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ጠዋት

ሚካኤል ነው። ኪሮስ እንደ ወትሮው ቤተ ክርስቲያን ሊያደርሰኝ መጥቷል። ምንም እንዳልተባለ። ታክሲዋ በሬ ላይ ናት፣ አላጠፋትም። አትንቀጠቀጥም። ስንት ጊዜ አወድሼለታለሁ፣ ያንተዋ እንዴት ጸጥ ብላ ትቆማለች እያልሁ። እሱም አመሰግናለሁ አደይ ይለኝ ነበር።

ክላክስ አደረገ።

የሃፍቶምን የመፍቻ ሣጥን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ቫልቩን እዚሁ በሬ ላይ ይፈታልኛል፣ በገዛ እጁ። የታክሲዋን ቀዳዳ በዚያው ቆርቆሮ ይድፈነው፣ ጠርጌ አስቀምጬለታለሁ። እኔ ሚካኤል በእግሬ እሄዳለሁ። እሱ ደግሞ እግሩን ከነዳጁ ሳያነሳ ቤቱ ይግባ።